ከዲስኩ በላይ ቃል መግባት ያዋጣል?

ሁለት የሲስተም አድሚኖች ናቸው፤ ሁለቱም መሃል አዲስ አበባ ሰርቨር ክፍል ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዷ አራት ኪሎ። ያከራከራቸው ይሄ ነው፦ ለቨርቹዋል ማሽኖች (አንድ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር ተፈጥረው እንደየራሳቸው ኮምፒውተር ለሚሠሩ) ስቶሬጅ ስንመድብ ካለን ዲስክ በላይ እንመድብ? ቲን ፕሮቪዥኒንግ የሚሉት እሱ ነው። ወይስ የመደብነውን ያህል ዲስክ ከመጀመሪያው ቆጥረን እንያዝ፣ ማለትም ቲክ?

የሜክሲኮው፦ ሰው ሰርቨር ሲጠይቅ ሁሌም አስፍቶ ነው። ፋይናንስ «500 ጊጋ ስጡን» ይላል። ዓመት ቆይተሽ ብታዪው 80 አልሞላም። ቀሪውን 420 ቆልፌበት ልቀመጥ? በቲን ማሽኑ 500 ያያል፤ ከዲስኩ የሚወስደው ግን የጻፈውን ያህል ብቻ ነው። የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ የዲስክ ፕሮፎርማ ያየ ሰው፣ ባዶ ቦታ ይዞ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል። ደግሞ ዝም ብዬ አልተውኩትም። ቪስፌር (ማሽኖቹን የማስተዳድርበት የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ዳታስቶሩ፣ ማለትም የማሽኖቹ ዲስክ የሚቀመጥበት የጋራ ቦታ፣ 75 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቀኛል፣ 85 ሲደርስ ቀይ ያበራል።

የአራት ኪሎዋ፦ ወንድሜ፣ ቀዩ ሲበራ ምን ታደርጋለህ? ዲስክ ልትገዛ ነው። ጥያቄው ግዥ ክፍል ይገባል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ አቅራቢው ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ዕቃው ጉምሩክ ይቀመጣል። 85 በመቶ ነገ ዲስክ ለሚደርሰው ሰው ይበቃው ይሆናል። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው፦ በሳምንት ስንት ጊጋ ይጨምራል? የቀረው ቦታ ስንት ሳምንት ያቆየኛል? ግዥው ከዚያ በፊት ያልቃል?

ሲሞላ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃለህ። ቪኤምዌር ላይ ቦታ ያጣው ማሽን ቀጥ ይላል፤ «ቦታ የለም፣ እንደገና ልሞክር?» የሚል ጥያቄ ስክሪን ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይጠብቃል። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ላይ «ፖዝድ ክሪቲካል» ብሎ ይቆማል። ፕሮክስሞክስ የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ላይ የኤልቪኤም ቲን ፑሉ (ማሽኖቹ በቲን የሚካፈሉት ቦታ) ከሞላ የባሰ ነው፤ የማሽኑ ፋይል ሲስተም ሊበላሽ ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው፣ አንዱ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ሎግ ሲጽፍ አድሮ ምንም ያላጠፉ ጎረቤቶቹን ይዞ መውደቁ ነው። ጠዋት ኢሜይሉን ስትከፍት አላርምህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል።

የሜክሲኮው፦ የግዥውን ነገር አልከራከርሽም። ግን እህቴ፣ ቲክ ከዚህ የሚያድን አስመሰልሽው። ስናፕሾትስ (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ማቆየት)? ስናፕሾት ከተነሳ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉም እስከ ዋናው ዲስክ መጠን ሊያድግ ይችላል። አርብ ማታ አፕዴት ከመጫኑ በፊት አንዱ ስናፕሾት አንስቶ ረስቶት ቢሄድ የሚሞላው ያንቺው ቲክ ዳታስቶር ነው። ቪኤምዌር ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት ይላል። እኛ አገር ግን ስናፕሾት ባክአፕ የሚመስለው አድሚን ስንት ነው! ስለዚህ ቲንም ሆነ ቲክ፣ ሳይጠብቁት የሚኖር ስቶሬጅ የለም።

የአራት ኪሎዋ፦ ስናፕሾቱ ላይ ልክ ነህ። ቲክ አድርጌም 20 በመቶ ባዶ የምተወው ለሱ ነው። አንተ ግን የምትጠብቀው ቦታውን ነው፤ ዲስኩንስ ማን ያየዋል? ስክሪንህ ላይ አረንጓዴ የሚታየው ሬይድ ኮንትሮለሩ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሳየው ካርድ) አዋቅሮ የሰጠህ ሎጂካል ዲስክ ነው። የአምራቹ ሶፍትዌር ካልተጫነ ከጀርባው ያለው እውነተኛ ዲስክ መታመሙን ሃይፐርቫይዘሩ (ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላያውቅ ይችላል። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሞቶበት ሥራውን ይቀጥላል፣ ተጠቃሚውም ምንም አይሰማው። ሁለተኛው ከተከተለ አለቀ። እኛ ጋ ብርቱካናማዋን መብራት መጀመሪያ ያዩዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። «ልጄ፣ ያቺ መብራት ከጓደኞቿ ተለየች» አሉኝ። አንተ ደግሞ በቲን ብዙ ማሽን አንድ ሬይድ ላይ ስለምትደራርብ፣ ሲወድቅ የሚወድቀው ከኔ ይበዛል።

የሜክሲኮው፦ የዲስክ መሞትማ የቲን ጥፋት አይደለም። እንዲያውም በቲን ባተረፍኩት ገንዘብ ሬይድ 6 አድርጌያለሁ፤ ሁለት ዲስክ ቢሞት ይችለዋል። አንድ ሆት ስፔርም (ዲስክ ሲሞት ወዲያው የሚተካ ተጠባባቂ ዲስክ) ገብቷል። የግዥ ጥያቄዬንም 60 በመቶ ላይ ነው የማስገባው።

የአራት ኪሎዋ፦ 60 ጥሩ ነው። የፋይናንሱ ዳታቤዝስ?

የሜክሲኮው፦ እሱም ቲን ነው።

የአራት ኪሎዋ፦ እንግዲያው ገና አልተስማማንም። የሙከራ ማሽኖችህን እንደፈለግህ አድርጋቸው። የደመወዝ ቀን ቀጥ እንዲል የማልፈልገው ማሽን ግን ዲስኩ ዛሬውኑ ሙሉውን ይቆጠርለት። የቀረውን ለአለቃህ በጽሑፍ ስጥ፦ ይህን ያህል መድቤያለሁ፣ ይህን ያህል ዲስክ አለኝ፣ ልዩነቱ ይኸው። ፈርመው ከተቀበሉህ እኔም ዝም እላለሁ።