የራስ ቆዳ አሁንም ያስፈልጋል
«ሰው ሠራሽ ቆዳ ከታማሚው ገላ ቆዳ መውሰድን አስቀርቷል» የሚለው ትክክል አይደለም። የቃጠሎ ታማሚዎችን ያስታመምኩ ነርስ ነኝ። ኢንቴግራ የተባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ከከብት ኮላጅን (የቆዳ ፕሮቲን)ና ከሻርክ ከሚገኝ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው፤ የሚተካውም የታችኛውን የቆዳ ክፍል ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የታማሚው የደም ሥሮች ወደ ውስጡ ሲያድጉ፣ ላዩ ላይ ያለው ሲሊኮን ይነሳና ከራሱ ከታማሚው፣ ብዙ ጊዜ ከጭኑ፣ በጣም ስስ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል። ስስ በመሆኑ የተወሰደበት ቦታ ቶሎ ይድናል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ ለእናትሽ የእግር ቁስል ይረዳ እንደሆነ የጠየቅሽው እህቴ፣ በአሜሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስኳር ታማሚዎች የእግር ቁስል የተፈቀደው አፕሊግራፍ የተባለ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሕያው ሕዋሳት አሉት። ሆኖም የሞተው ሥጋ ሳይጠረግና ኢንፌክሽኑ ሳይታከም ቢለጠፍ አይሠራም። እባክሽ ከሁሉ በፊት የእግራቸውን የደም ዝውውር አስመርምሪላቸው፤ በቁስሉም እንዳይረግጡ።