ፕሮጀክተሩ በራ፤ ተማሪውስ ምን ተማረ?

መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች የማስተማር ልምምድ ስናደርግ የምንገመገምበት ቅጽ ላይ «ቴክኖሎጂ ተጠቅሟል» የሚል መስፈርት አለ። ፕሮጀክተሩ ከበራ ነጥቡ ይሰጣል፣ አለቀ። ተማሪው ስላይዱን እያየ ምን እንዳሰበ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ሙሉ አንቀጽ የተጫነበት ስላይድ ይቀርባል፣ ፊደሉ እየተሽከረከረ ይገባል፣ መምህሩም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያነባል። በጣም ያናድዳል!

ይህ ለምን እንደማይሠራ ከታወቀ እኮ ቆይቷል። ሰው አዲስ ነገር ሲማር በአንድ ጊዜ በአእምሮው መያዝ የሚችለው ጥቂት ነው፤ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አእምሮ ጫና የጻፈው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሌላው የዘርፉ ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር ደግሞ ሥዕል እያሳዩ በቃል ማስረዳት፣ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ስላይዱ ላይ ከመድገም እንደሚሻል በሙከራ አሳይቷል። ተማሪው ጽሑፉን ሲከተል ሥዕሉ ያመልጠዋል። ይህንን ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ልምምድ ላይ ግን ጽሑፍ ያልታጨቀበት ስላይድ ይዘን ከቀረብን «አልተዘጋጃችሁም» እንባላለን።

«ተማሪዎች ቪዲዮውን በየስልካቸው ይመለከታሉ» ብሎ የትምህርት ዕቅድ ላይ መጻፍም ቀላል ነው። እስቲ ይሰላ። 50 ሜጋባይት ቪዲዮ ለ40 ተማሪ 2000 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 16000 ሜጋቢት ይሆናል። ሁሉም የሚጋሩት የኢንተርኔት መስመር በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ቢያወርድ፣ ምንም ሳይቆራረጥ እንኳ 1600 ሴኮንድ፣ ማለትም 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ክፍለ ጊዜው ሄደ! ቀድሞ አውርዶ በአንድ ስክሪን ማሳየት ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ሥልጠናው ውስጥ ግን ይህ ስሌት ቦታ የለውም። ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተሩ ጋር የሚያገናኘው የቪጂኤ ኬብል ድምፅ እንደማያስተላልፍ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ስለሚሆን የፒዲኤፍ ቅጂ መያዝ እንደሚያስፈልግም የሚነግረን የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ለተማሪዎች የምርጫ ጥያቄ አቅርቦ መልሳቸውን የሚቆጥረው የጥያቄ መተግበሪያ ነገር ነው። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ሰዓት ቆጠራው ይነገረናል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ከየት መምጣት እንዳለባቸው ግን ማንም አያነሳም፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው። «ከ0.4 እና ከ0.35 የቱ ይበልጣል?» ሲባል 0.35 የሚል ተማሪ ሰነፍ አይደለም። 35 ከ4 ይበልጣል፤ የሙሉ ቁጥርን ሕግ ወደ አስርዮሽ ይዞት መጥቷል። 1/2 እና 1/3ን ደምሮ 2/5 የሚለውም ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል። እነዚህ ስሕተቶች ምርጫው ውስጥ ካሉ መምህሩ ውጤቱን አይቶ ማን እንዴት እንዳሰበ ይደርስበታል። ምርጫው በዘፈቀደ ቁጥር ከተሞላ ግን ስንት ሰው እንደተሳሳተ ከማወቅ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። የሰዓት ቆጠራው ደግሞ ቶሎ የነካውን እንጂ ያሰበውን አይሸልምም።

ጥሩ ጥያቄ ካለ ቀጣዩ እርምጃ የታወቀ ነው። ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ፊዚክስ ሲያስተምር ያዳበረው ዘዴ አለ፦ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ይመልሳል። በትክክል የመለሰው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ትምህርቱ እንደገና ይብራራል፣ ከ70 በላይ ከሆነ አጠር ባለ ማብራሪያ ይታለፋል። በመካከል ሲሆን ግን መልሱ ሳይነገር ሁለት ሦስት ደቂቃ ከጎረቤት ጋር ይከራከሩና እንደገና ይመልሳሉ። እዚህ ውስጥ የቴክኖሎጂው ድርሻ መቁጠር ብቻ ነው! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ይበቃሉ። ፕሊከርስ የሚባለው መተግበሪያም ለተማሪው የታተመ ካርድ፣ ለመምህሩ አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ተማሪው ካርዱን በመረጠው ጎን አዙሮ ያነሳል፣ ካሜራው ያነባል።

አሠልጣኞቻችን፣ እባካችሁ የምትሰጡን ሥራ ይቀየር። «15 ስላይድ አቅርቡ» ከምትሉን፣ በአንድ ርዕስ ላይ ከተማሪዎች ደብተር 20 የተሳሳቱ መልሶች ሰብስቡ፣ በስሕተቱ ዓይነት ለዩዋቸው፣ ከነሱም ሦስት የምርጫ ጥያቄ አውጡ በሉን። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የትኛውን አስተሳሰብ እንደሚያጋልጥ ካላስረዳን ነጥብ ቀንሱብን።