ዳክዬ ሊመግቡ የመጡት ዳኛ

የእድራችን ዳኛ ሄዱ። በሩን ዘግቼ መግባቴ ነው። የፊደል ግድፈት ብታገኙ ይቅር በሉኝ፤ ደሜ እንደፈላ ካልጻፍኩት ነገ ጠዋት እናቴ «ትልቅ ሰው ናቸው እኮ» ትለኛለች፣ እኔም አፌን እይዛለሁ፣ ነገሩም እንደ ወትሮው ሆድ ይፍጀው ይሆናል።

ጓሮአችን ውስጥ አንዲት ጅረት አለች። ያቺ ጅረት ክረምቱ አልፎ ስትጠራ ዳክዬዎቹ ተመልሰው መጥተዋል። ምንቃራቸው ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ያለባቸው ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ፊታቸው ነጭ፣ አንገታቸው ጥቁር የሆኑት፣ ማታ ማታ እያፏጩ የሚበሩት አልፎ አልፎ ይመጣሉ። የማንም አይደሉም። ክንፋቸውን የቆረጠ፣ በረት የሠራላቸው ሰው የለም። ሲፈልጉ ከጣና ሐይቅ ይመጣሉ፣ ሲፈልጉ ይሄዳሉ። የእኔ ሥራ አንዳንድ ቀን ማለዳ አንድ እፍኝ የራሰ ገብስ ወይም የተከካ በቆሎ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መበተን ነው። ሰላጣ ከተረፈ አድቅቄ እጨምርላቸዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ አያለሁ። ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ ደፍቀው፣ ጅራታቸውን ወደ ሰማይ አቁመው፣ እግራቸውን እያንፈራገጡ ከሥር ሲለቅሙ ላየ ሰው የቡና ሱስ እንኳን ይረሳል።

እንግዲህ ዛሬ ቡና ተፈልቶ፣ የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ የእድራችን ዳኛ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከተፍ አሉ። በሁለት እጃቸው ሁለት ትልልቅ ፌስታል አንጠልጥለዋል። ውስጡ ዳቦ ነው። የደረቀ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ዳቦ። «ለልጆቹ ዳክዬ ላሳያቸው ብዬ ነው» አሉ፣ ቤቱን የእንስሳት ማቆያ ያደረግነው ይመስል። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ። ልጆቹም ተከተሉ፣ ፌስታሉ ተገለበጠ፣ ዳቦው ሙሉ ሙሉውን እየተወረወረ ውሃው ላይ ቧ! ቧ! ይል ጀመር። አንዱ ዳክዬ ጀርባው ላይ ተመታ። ድንጋይ ነው እኮ! ሌሎቹ ብር ብለው ተነሡ።

እኔም ሮጬ ሄጄ፣ በሥርዓት፣ በትሕትና፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ «ጋሼ፣ ዳቦ ባንሰጣቸው ይሻላል፣ ይጎዳቸዋል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ዳቦ ለዳክዬ ጥሩ አይደለም ነው የምለው።»

ወደ እናቶቹ ዞሩ። አዎ፣ ለእኔ አልነበረም የሚመልሱት፣ ለታዳሚው ነበር። «ሰማችሁልኝ? እኔን ይህን ሁሉ ዘመን ያቆመኝ ዳቦ ዳክዬ ይገድላል አለችኝ!»

«እርስዎ ዳክዬ አይደሉም እኮ ጋሼ» አልኩ። እውነት ነው፣ አይደሉም። ምን ልበል?

ይህን ጊዜ ነው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ፈገግ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ልክ ነሽ። እኔ ሰው ነኝ። ለዚህም ነው የልጅ ልጆቼን ይዤ የመጣሁት። የአንቺዎቹ የታሉ?» ያሉት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ጅረቷ። «እነዚያ ናቸው?»

ሳቁ! ሁሉም ሳቁ! አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሌላዋ «ኧረ ጋሼ!» እያለች ሳቀች፣ ረከቦቱ ሥር የተቀመጠችው እናቴ፣ እኔን የወለደችኝ እናቴ፣ ሲኒ እንዳይሰበርባት ይዛ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ደግሞ «ተይ ልጄ፣ እንግዳ ነው፣ ይወርውሩ» አለችኝ። በገዛ ጓሮዬ እንግዳ የሆንኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።

መልሱ የመጣልኝ መቼ ነው? ሲኒ ሳጥብ! ሁሉም ከሄዱ በኋላ! «የእርስዎ ልጆች ዳቦ መወርወር ተምረዋል፣ የእኔዎቹ ግን ቢያንስ ሲጎርሱ ይመርጣሉ» ብል ኖሮ። ሳሙና በእጄ ይዤ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በጣም ያምር ነበር። ማን ሰማው? ጀበናው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁም «ዳቦ ምን አደረገ?» ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላዋል እንጂ አይመግባቸውም። የሚያስፈልጋቸው የሣር ፍሬ፣ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ተክል ነው፤ እኛ ስናጠግባቸው ያንን መልቀም ይተዋሉ። በማደግ ላይ ያለ ጫጩት እንዲህ ባለ ምግብ ሲሞላ የክንፉ ጫፍ ወደ ውጭ የሚጣመምበት ችግር አለ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከአመጋገብ ጋር የሚያያይዙት። አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ አይቃናም፤ ወፉ ዕድሜውን ሙሉ መብረር ሳይችል ይኖራል። ሻጋታው ደግሞ ሳንባቸውን ያቆስላል። የተረፈው ዳቦ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሙቀት ያለበት የቆመ ውሃ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ሲጠራቀም አንገታቸውን ማቅናት እስኪያቅታቸው ድረስ ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያወጣ ባክቴሪያ ይራባል። ይህን ሁሉ ለጋሼ ልነግራቸው ስል «ፈረንጆች በፊልም ላይ ዳቦ ሲወረውሩ አላየሽም?» አሉኝ። አይቻለሁ! አያቶቻቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ሲወረውሩ አይቻለሁ። አሁን እዚያም በብዙ መናፈሻዎች «እባክዎ ዳቦ አይስጡ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። የፈረንጁን ስህተት በፊልም ተቀብለን እርማቱን ማን ያምጣልን?

እንዲያውም የሚያናድደኝ ዳቦው ብቻ አይደለም። በሁለቱም በኩል መወቀሴ ነው። እህል በረንዳ ሄጄ «የተከካ በቆሎ ስጠኝ፣ ትንሽ ነው የምፈልገው» ስል ነጋዴው «ለዶሮ ነው?» አለኝ። «ለዳክዬ» አልኩ። «ዳክዬ ታረቢያለሽ?» «አይ፣ የዱር ናቸው።» ሰውየው ሚዛኑን ቆም አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እህል በዚህ ዋጋ ለዱር ወፍ?» አለ፣ ከኋላዬ የተሰለፉትም እየተቀባበሉ አገር የሚያጠፋው እንዲህ ያለ ሰው እንደሆነ ተስማሙ። አንድ እፍኝ በቆሎ! ለሠርግ በየሆቴሉ የሚደፋው ምግብ አገር አያጠፋም፣ የእኔ እፍኝ ነው የሚያጠፋው። እዚህ ቤት ደግሞ ሁለት ፌስታል ዳቦ የሚያጎርፍ ሰው ደግ ሰው ነው፣ «አይበዛም ወይ?» የምለው እኔ ክፉ ነኝ። ትንሽ ሲሰጥ እብደት፣ ብዙ ሲወረወር ጽድቅ!

ባለፈው ደግሞ ከላይ በኩል ለጫት የሚስበው ፓምፕ ጅረቷን ሲያደርቃት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አይ መሄድ! ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ወጣት በትዕግሥት አዳምጦኝ፣ «እነዚህ ዳክዬዎች ባለቤታቸው ማን ነው?» አለኝ። «ባለቤት የላቸውም፣ የዱር ናቸው» አልኩ። «እንግዲያውስ ከሳሽ የለም» አለና ፋይሉን ዘጋው። ፋይል አልነበረም፣ የዘጋው የራሱን ማስታወሻ ደብተር ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጣና እኮ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ሊጠበቅ የሚገባው ስፍራ፣ ተብሎ የተመዘገበ ሐይቅ ነው! ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ፣ ረግረጉም ጭምር፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ጭምር የሚያስተናግድ። ያ ሁሉ ዳክዬ በርሃና ባሕር አቋርጦ መጥቶ ባለቤትህ ማን ነው ይባላል።

ፓምፑን የተውኩት ለዛሬ ነው። ወንጭፍ የያዙ ልጆችን ግን አልተውም። ቅዳሜ ከአጥሩ ሥር ሁለቱን ያዝኳቸው፣ ኪሳቸው ጠጠር ሞልቶ። «ምን ልታደርጉት ነው? ትበሉታላችሁ?» ስላቸው አንደኛው ፊቱን አኮማትሮ «ዳክዬ ማን ይበላል!» አለኝ። ታዲያ ለምን ትመታዋለህ? «ለመምታት ነዋ!» ይህን መልስ የሰጠኝን ልጅ ነገ ባለሥልጣን ሆኖ ሳየው አይገርመኝም።

ፌስታሉስ? የአንደኛው ፌስታል ዳቦ ሲያልቅ ፌስታሉ የት ሄደ ይመስላችኋል? በዳቦው ፈንታ ተወረወረ! የልጅ ልጃቸው፣ ትልቁ፣ ነፋሱን ጠብቆ ወረወረው፣ ጋሼም አዩት፣ «አይ ልጅነት!» አሉ። አሁን ቄጠማው ላይ ተጠምጥሞ ተቀምጧል፣ ጨለማ ስለሆነ ገብቼ ላወጣው አልቻልኩም። ስንት ሕዝብ ከየአገሩ መጥቶ ጣናን የወረረውን የእምቦጭ አረም በእጁ ሲነቅል የነበረው እኛው ጋ አይደለም ወይ? እጁን በውሃ የነከረ ሰው ሁሉ ጀግና ተብሏል። የገዛ ፌስታሉን ለመልቀም ግን ሰው ያፍራል።

አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፣ የጋሼ ታናሽ የልጅ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እኔ ገብሱን ልበትን?» አለች። ሰጠኋት። ቁጭ ብላ በጣቶቿ እየቆነጠረች በተነችው፣ የሚያስመሰግን ሥነ ሥርዓት። አንዲት ቢጫ ምንቃር ተመልሳ መጥታ ከፊቷ ለቀመች። ጋሼም በዚያች ቅጽበት «ነይ ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ትወድቂያለሽ!» ብለው ጎትተው ወሰዷት። ዳቦ የሚወረውሩት ግን ጫፉ ላይ ቆመው ነበር፣ እነሱን የጎተተ የለም።

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ እናቴን ለብቻዋ ጠሩና በሹክሹክታ፣ ማለትም መንገድ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጅቱን አታስጨንቋት፤ ሰው ብቻውን ሲሆን እንስሳ ይወዳል። ባል ፈልጉላት እንጂ» አሏት። እናቴም «እግዜር ይፈልግላት እንጂ እኛማ ምን አቅም አለን» አለቻቸው። ስለ እኔ እየተደራደሩ መሆኑ ነው። ዳክዬዎቹ እንኳን በፈቃዳቸው ይጣመራሉ፣ ሽማግሌ አይላክባቸውም።

ወደ ክፍሌ ስገባ እናቴ ተከትላኝ መጣች። ምን ትላለች? «ዳቦ ተርፏል፣ መጣል ኀጢአት ነው፣ ለነገ ጠዋት አጥበሽ አስቀምጪላቸው።» ሻጋታውን አጥበሽ! እኔ ምንም አልመለስኩም። ለምን ብዬ? ዳቦውን አዳራሽ ጥግ ላይ ሰቅላዋለች፣ እሷ ስትተኛ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወርዳል፣ ነገም ጠፋ ይባላል፣ አይጥ ይሰደባል።

ወሩ መጨረሻ ላይ የእድር ስብሰባ አለ። ተራው የእኛ ቤት ነው። አጀንዳ የሚያቀርብ እጁን ያወጣል ተብሏል። እኔ አጀንዳዬን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ስለ ጅረቷ፣ ስለ ፌስታሉ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ወንጭፉም ጭምር፣ በወግ በወጉ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዕድል ሰጪው፣ ሰዓት ተቆጣጣሪው፣ «በቃሽ ልጄ» የሚለው፣ ስብሰባውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው።