ይድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ለሚኖሩት ለክቡር ክምር

ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእርስዎ ሳቢያ የደረሰብኝን ቀይ ካርድ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ሰሞኑን በእርስዎ ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ መሳቂያ ሆኛለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የካይዘን ኮሚቴው ደረጃ ላይ ታየ የሚል ወሬ ቀድሞት ደረሰ። መቼም ካይዘንን ያውቁታል። ሥራንና የሥራ ቦታን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ ነው፤ ከጃፓን መጥቶ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት፣ አምስቱ «ማ»ዎች ግድግዳችን ላይ ተለጥፈዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የኛ ክፍል አንድ ጨምሯል፤ ማዛወር። እኔ መዝገብ ቤት ወረፋ ላይ ሆኜ ሳለ ባልደረቦቼ ተረባረቡ አሉ። አንዱ የቦክስ ፋይል ቁልሉን፣ አንዷ የልጇን የልደት ኬክ ካርቶን፣ ሌላው ከአምና ጀምሮ ሊያሠራው ያሰበውን ኪቦርድ፣ ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀ ሰው ደግሞ አንድ እግር ነጠላ ጫማ (አዎ፣ አንድ እግር)፣ ሁሉም እኔ ጠረጴዛ ላይ። ምክንያታቸው? «ያንተ ሰፊ ነው።» ሰፊ አይደለም! ሁሉም ጠረጴዛ በአንድ ግዢ የመጣ ነው። የኔ ሰፊ የሚመስለው ስለምጠርገው ነው።

ስመለስ ኮሚቴው ጠረጴዛዬን ከቦ ቆሟል። ሰብሳቢው ነጠላ ጫማውን በእስክሪብቶ ጫፍ አንጠልጥለው «የማነው?» አሉ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሁሉም ድንገት ሥራ በዝቶበታል። «አላስፈላጊ ዕቃ» ማለት የሆነውን ቀዩን ካርድ እርስዎ አናት ላይ ለጥፈው ፎቶ አነሱ። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣሁ። ከሥሩ «ከካይዘን በፊት» ይላል። «ከካይዘን በኋላ» የሚለው ፎቶስ? የኪቦርዱ ባለቤት ጠረጴዛ ነው፤ መስታወት መስሎ፣ አበባ ተቀምጦበት። አበባው የኔ ነው። አለቃዬ አውራ ጣት ሰጥተውታል።

ሌላውን ቅሬታዬን አላበዛም። ስቴፕለሬ፦ ይኼን ብቻ ልበልና ልለፍ።

የሻይ ብርጭቆውንም ነገር አንረሳም። አንድ ደብዳቤ የብርጭቆ ቂጥ ክብ ታትሞበት ወደ ክፍለ ከተማ ሄዷል። ማህተም የለውም ተብሎ አልተመለሰም።

አሁን ግን አንቱታውን ልተወው። ስማ ክምር። ባለፈው ወር አንዲት እናት መጥተው ነበር። የሟች ባለቤታቸውን ፋይል ፈልገው፣ ዱላ ይዘው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው። ሊፍቱን ታውቀዋለህ። «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሰኞ ይመለሱ» ተባሉ። ሰኞ መጡ፣ «ሲስተም የለም» ተባሉ። ፋይሉ የትም አልሄደም ነበር። አንተ ያኔ መስኮቱ ሥር ነበርክ የምትኖረው፤ ፋይሉም እዚያው ነበር፣ ሰው ከሸማቾች ገዝቶ ባስቀመጠው የዘይት ጀሪካን ሥር። ዘይቱ ጠርዙን አርሶታል፣ የሰውየው ጉርድ ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ተጣብቋል። ፋይል በራሱ እግር አይጠፋም፣ ሰው ነው የሚጥለው! በሰው የጡረታ ወረቀት ላይ ዘይት የሚያስቀምጥ ሰው ደሞዙ በቀኑ ነው የሚገባለት። ደውዬ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ምንም አይደል ልጄ፣ ዋናው መገኘቱ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ክቡርነትዎ ከሰኞ ጠዋት በፊት ጠረጴዛዬን እንዲለቁልኝ እየጠየቅሁ፣ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። አበባዬንም በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ጠረጴዛውን የሚጠርገው ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለካይዘን ኮሚቴ
ለስቴፕለሬ፣ ባለችበት
ለመዝገብ ቤት (ቢጠፋ ቴሌግራም ላይ ይገኛል)