ጠጪው ብቻ ነው እንዴ ጥፋተኛው?
ባር ቤቶች ስላሉበት ሰፈር ረብሻ በጻፉት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ በሰካራሙ ላይ መጫንዎ አልተዋጠልኝም። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ለሚያንኮራፋ ሰው «ይደገም?» የሚለው ማነው? ስፒከሩን በረንዳ አውጥቶ ወደ መንገድ ያዞረውስ? «ባር ቤቶችን የሚጠይቅ ሕግ የለም» ያሉትም ልክ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ከመጠን ባለፈ ጢስ፣ ሽታና ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል (መታወቂያ ሲጠየቅ ያየ ካለ ይንገረኝ)። እኛ ሰፈር ያለው ባር ቤት ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ መኪናቸው ገና ሳይታጠፍ መልሶ ይለቀዋል። የተቸገራችሁ ሰዎች ቀኑንና ሰዓቱን እየመዘገባችሁ፣ ከጎረቤት ጋር ተፈራርማችሁ ለወረዳው አስገቡ። «ይረብሸናል» ብቻ ብሎ የሚገባ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።