«በቃኝ» ማለት አይበቃም

እኛ ቤት አንድ ሰው መጥገቡን የሚወስነው የበላው አይደለም፤ ያበላው ነው። ሕጉ የትም አልተጻፈም። እናቴ እኔን እንዲህ አበላችኝ፣ አማቴም ባሌን እንዲህ አሳደጉት፣ እኔም ተረክቤ ሳስፈጽም ኖሬአለሁ። ልጄ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይግባኝ ያለ ሰው አልነበረም።

«ማሚ፣ ሆዱ የኔ ነው። ሲሞላ የሚታወቀው ለኔ ነው።»

ስትሰሙት ልክ ይመስላል አይደል? ክፋቱ እሱ ነው።

ሐበሻ ቤት ያደገ ሰው ሥነ ሥርዓቱን ያውቀዋል። የመጀመሪያው «በቃኝ» ይሉኝታ ነው፤ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ሁለተኛው ጨዋ ልጅ መሆንህን ያሳያል፤ ትመሰገንበታለህ፣ ወጥ ይጨመርልሃል። ሦስተኛው ላይ «ምናልባት እውነቱን ይሆን እንዴ?» ተብሎ ትንሽ ትጠረጠራለህ፤ ነገር ግን «በሞቴ» ገና አልተባለም። «በሞቴ» ተብሎም እምቢ ካልክ ጉርሻ አለ። ጉርሻ ደግሞ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንድ ያጣላል ይባላል፣ እንዳንጣላ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሁለት ላይ ማቆም ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው ያሰኛልና ሦስተኛው ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው «በቃኝ» ካለ በኋላ የሚበላው ከዚያ በፊት ከበላው ይበልጣል። እኔ በዚህ መንገድ ነው ያደግሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ወገቤን አትዩ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ልጄ ግን በመጀመሪያው «በቃኝ» ይነሳል። እማማ (አማቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) «ምነው፣ ቀመስከው እንጂ መቼ በላህ!» ብለው ሳይጨርሱ የቧንቧው ውሃ ተከፍቷል፣ እጁን እየታጠበ ነው። ከታጠበ እጅ ጋር ምን ክርክር አለ?

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሰውንም «በቃኝ» ማመን ጀመረ። ባለፈው አንድ ጓደኛው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ወደ ኩሽና የሚሄድ ልጅ። ልጄ «ትበላለህ?» አለው። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ለእንግዳ ይቀረብለታል እንጂ ይጠየቃል? ልጁም ያሳደገችው እናት አለችና «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። ልጄ «እሺ» አለው።

እሺ!

ከዚያ ተያይዘው ጌም ሊጫወቱ ገቡ። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ልጅ ቤቱ ሲገባ እናቱ «ምን አበሉህ?» ብትለው ምን ሊል ነው? ሴትየዋን ደግሞ አውቃታለሁ፣ የዋዛ አይደለችም። የኔ ልጅ እሷ ቤት በልቶ በመጣ ቁጥር ትደውልና «ልጅሽ እኮ ምንም አልበላልንም፣ ደህና አይደለም እንዴ?» ትለኛለች። እሱ ደግሞ «ሁለት ሰሃን ነው የበላሁት» ብሎ ይምላል። ማንን ልመን? እሷን ነዋ። እሷ ናት ያበላችው።

ትሪውን ሞልቼ ይዤ ገባሁ። ያ በልቼ ነው የመጣሁት ያለው ልጅ ጠርጎ በላ። «አየህ?» አልኩት ልጄን፣ በዓይኔ። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ የተማረው ሌላ ነገር ነው፦ «ታዲያ ከራበው ለምን ራበኝ አይልም?» ይሄ ልጅ ወደፊት ሚስት ሲጠይቅ ምን ሊሆን እንደሆነ አስቡት። «አይ፣ ገና ነኝ» ስትለው «እሺ» ብሎ ሊመለስ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር መጣ። ጂም ጀመረ፤ ስልኩ ላይም የሚበላውን የሚመዘግብበት አፕ ጫነ። እንጀራ ካርብ ነው አለን። ሽሮውስ? አልኩት። ዝም። ሽሮ ሽምብራ ነው፣ ሽምብራ ፕሮቲን ነው፣ ታዲያ ያንን ባልዲ የሚያክል ዱቄት ምን ቸግሮን ነው የምንገዛው? አንድ ለዜሮ መራሁ። መሪነቴ የቆየው ግን እራት እስኪቀርብ ነው፤ ምክንያቱም «ግማሽ እንጀራ ይበቃኛል» ብሎ መጣ። የኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሱቁ እንጀራ ደግሞ ዋጋው እየሰፋ ሲሄድ እሱ እየጠበበ፣ እየሳሳም፣ አሁን አሁን ወደ ብርሃን ብታነሱት ጎረቤት ያሳያል። አፑ ግን «1 እንጀራ» ብቻ ነው የሚያውቀው። የማንን? የቤቱን ነው የሱቁን? እሱ ሂሳብ ሲያወጣ እማማ ግንባሩን ዳሰሱት። «ግማሽ እንጀራ የሚበላ የታመመ ሰው ነው። ምንህን ነው ያመመህ?»

እማማን ካነሳሁ አይቀር የፋስቲንጉን ነገር ልንገራችሁ። ቲክቶክ ላይ ያገኘው ነው። 16 ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩና በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ ይበላሉ። ይህንን ለእማማ ሊያስረዳ ተቀመጠ። እንግዲህ እማማ ማለት ረቡዕና ዓርብ የማያልፋቸው፣ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትን፣ ለምእመን የታዘዘውን ሁሉ፣ ሲደመር በዓመት 180 ቀን ገደማ የሚጾሙ፣ በሁዳዴማ እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት ናቸው። በጥሞና ሰሙት።

«እና ሰዓቱ ሲሞላ ምን ትበላለህ?»

«ያገኘሁትን። ሥጋም፣ እንቁላልም። ፕሮቲን ያስፈልጋል።»

«ቅቤስ?»

«ጥሩ ፋት ነው፣ ይቻላል።»

ትንሽ አሰቡ። «ይሄማ ቁርስ መተው ነው» አሉ።

ነገሩ በሳቅ አለፈ። መዘዙ የመጣው ማታ ነው። የሱ ሰዓት ከቀኑ 6 ተከፍቶ ከምሽቱ 2 ላይ ይዘጋል። አባቱ ደግሞ ከሥራ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ፣ በተቆፈረው መንገድ ዞሮ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥቶ፣ እያለከለከ በሩን ሲያንኳኳ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እኔ አባትህ ሳይመጣ ትሪ አይቀርብም ብዬ ስጠብቅ፣ ልጁ 2 ሰዓት ከአምስት ላይ «ማሚ፣ ተዘጋ» ይለኛል። ምኑ? ባንክ ነው?

ባሌ በጣም ተናደደ። ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚበላ ነው፣ እኛ ልጅ እያለን አባታችን ሳይገባ እህል አንነካም ነበር፣ ወዘተ። እሱ ልጅ እያለ የሆነውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ልጁ ታገሠና «እሺ፣ እሁድ ምሳ ሁልጊዜ አብረን እንበላለን። አይበቃም?» አለ። አባትየው አልበቃውም፤ በየቀኑ ነው የሚፈልገው። «ከሰኞ እስከ ዓርብ አንተ ራስህ በሰዓቱ ደርሰህ ታውቃለህ?» ሲባል ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ አለቃው ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ሁሉም እውነት ነው። ግን በልጅ ፊት እውነት ሲበዛ ሰበብ ይመስላል።

ብዙ ተጨቃጭቀን ረቡዕ፣ ዓርብና እሁድ ተባለ። ረቡዕና ዓርብን ያመጣው ልጁ ራሱ ነው፤ እማማ «ተመስገን፣ ለጾሙ አሰበ» ብለው አለቀሱ። በኋላ ነው የገባኝ። የጾም እራት ቶሎ ያልቃል። ምስር ላይ አጥንት አይጋጥም።

አሁን ደግሞ ምን ያህል ሲቀመጥ ነው «አብሮ በላ» የሚባለው? ለልጁ ትሪው ጋ ከደረሰ፣ ከቆረሰ፣ በቃ ተገኝቷል። ለአባቱ ካላወራ አልተገኘም። ስልክ ይቀመጥ ተባለ፤ ይሄም ቀላል አይደለም። በሹካና በቢላ የሚበላ ሕዝብ ሁለቱም እጁ ተይዟል። እኛ በቀኛችን እንበላለን፣ ግራችን ሥራ ፈት ነው፣ ንጹሕም ነው። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲያወጡ ስክሪን ወደ ላይ መግፋት የሚባል ሥራ እንደሚመጣ አላወቁም። ልጄ ቀኝ እጁ ሽሮ ላይ፣ ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ጉልበቱ። ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው። ባሌ «አስቀምጠው!» ይላል፣ በዚያው ቅጽበት የራሱ ስልክ ይጮኻል፣ ያነሳዋል። የአባት ስልክ ሥራ ነው፤ የልጅ ስልክ ሱስ ነው። ይህም እንደ ሌላው ሕግ ያልተጻፈ ነው።

ስልኩ ተቀመጠ እንበል። ወሬውስ? ባሌ ለእራት ያለው ወሬ አንድ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና። የ2014ቱን ተፈታኞች ውጤት እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳንውጥ ያስታውሰናል። በተከታዩ ዓመትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም ይላል፣ እንጀራውን እየቆረሰ። «ከመቶ ሦስት ልጅ! ከመቶ ሦስት!» ልጁ ትሪውን ያያል። እኔም አያለሁ። ከዚያ «በቃኝ» ይላል፣ እኔ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው «መቼ በላህና!» እላለሁ። በዚህ ወሬ ላይ ግን እኔም ብሆን እነሳ ነበር። (ባሌ ይህን እንዳያነብብ።)

መብራት ሲጠፋ ብቻ እራታችን ይረዝማል። ዋይፋይ የለም፣ የስልኩ ባትሪ ቀይ ላይ ነው፣ የባሌም እንደዚያው። ያን ጊዜ ልጁ ያወራል፤ ያስቃል እንኳ። አምፖሉ ብልጭ ሲል ሁሉም ተነሥቶ ቻርጀር ፍለጋ ይሮጣል።

እንዲህ እንዲህ እየተባባልን በዓል ደረሰ። በበዓል ፋስቲንግ የለም፣ ያንን ራሱ አውጇል። ዶሮው ቀረበ፣ 12 ብልት ተሟልቶ። የማን ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ እንቁላሉም ለአንድ ሰው አንድ። ልጄ አንዱን ዋጠና ጭልፋዬን አየ።

«ማሚ፣ ሌላ እንቁላል።»

«አንድ ይበቃሃል።»

አፌ ካወጣው በኋላ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱ የታወቀኝ። ልጁ ዓመት ሙሉ ይህችን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው፤ እጁን ትሪው ላይ አሳርፎ፣ ተረጋግቶ፣ ጠበቃ ሆኖ ተናገረ። «ስጠግብ አልጠገብክም ትሉኛላችሁ። ስፈልግ ይበቃሃል ትሉኛላችሁ። የኔ በቃኝ ሦስት ጊዜ ተብሎም አይታመንም፣ የናንተ ይበቃሃል ግን በአንዴ መታመን አለበት?»

«ዶሮ ወጥ ሌላ ነው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? እንቁላሉ የተቀቀለው በሰው ቁጥር ነው፤ ደግሞ እንግዳ ቢመጣስ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኔው ሥነ ሥርዓት ይዞኛል። የኢንተርኔት ጥቅል ግዢልኝ ይላል። የዚህ ወር ይበቃሃል እላለሁ። እንደ ይሉኝታ ይቆጥረውና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ይበቃል አልኩህ እላለሁ። ፈገግ ይላል፣ ጨዋ እናት መሆኔን እንዳደነቀ ሁሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አጠገቤ ይቀመጥና አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የእማማን ድምፅ አስመስሎ፣ «በሞቴ» ይለኛል። «እኔ ልሙት ማሚ፣ አንድ ጊጋ ብቻ።» ኪሴ ውስጥ ሊያጎርሰኝ ምንም አልቀረውም።

ጨክኜ እምቢ ያልኩ ዕለት ወደ እማማ ሄደ። ጊጋ ምን እንደሆነ አልጠየቁትም፤ የሚበላ ነው ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። መቀነታቸውን ፈትተው ሁለት መቶ ብር አወጡ።

«ይበቃሃል?»

«ይበቃል እማማ፣ ይበቃል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አላመኑትም። ሌላ መቶ ጨመሩለት።