ጤፉን በጥር የሚያሸጠው ማን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ደምቢያ ላይ ጤፍ አምርቶ ሐምሌ ሲገባ እህል የሚሸምተው ገበሬ፣ ለድህነቱ ተጠያቂው ራሱ ነው ወይስ በዙሪያው ያሉት ተቋማት?

ራሱ ነው ባይ፦ ጤፍ አይነቅዝም። ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ጎተራ ውስጥ ይከርማል። ታዲያ ታኅሣሥ ወቅቶ ጥር ላይ ወደ ቆላ ድባ ወይም ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ምን ያስሮጠዋል? ሁሉም አንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋ እንደሚወድቅ ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም። በቆሎውም ቢሆን ሰበብ አይሆነውም። በደንብ አድርቆ ድርብ ላስቲክ ባለው ከረጢት ይሙላው፤ አየሩን አስወጥቶ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዞ ይሰረው፤ ነቀዙ ታፍኖ ያልቃል። (አይጥ ከበሳው ወይም ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ግን ከንቱ ነው።) በዚያ ላይ የ40 ቀን ተዝካር የዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል።

ተቋም ነው ባይ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጤፉ ልክ ብለዋል። ዕዳው ግን አይከርምም። ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ የተበደረውን አዝመራው እንደገባ እንዲመልስ ይዋዋላል። ዋሱ ቡድኑ ስለሆነ እሱ ካልከፈለ ጎረቤቶቹ ይከፍላሉ። ስለዚህ ዋጋ አይጠብቅም፣ ጎረቤቱን ላለማስያዝ ይሸጣል። እንበል፣ ዕዳውን ለመክፈል በጥር ዋጋ 3 ኩንታል፣ በሐምሌ ዋጋ 2 ኩንታል ተኩል ይሸጣል። ልዩነቷ 50 ኪሎ ናት፤ በክረምት ከልጆቹ ሞሰብ የምትጎድለው እሷ ናት። የወሰደበት ስንፍናው አይደለም፣ የመክፈያው ቀን ነው። ተዝካሩንም ብቻውን አይወስንም፤ ከሰው ቤት ሲበላ የኖረ ካላበላ ስሙ ይነሳል።

ራሱ ነው ባይ፦ ዕድር እኮ የሩቅ ቢሮ አይደለም! ደንቡን ያወጡት አባላቱ ናቸው። «ተዝካር በጸሎትና በንፍሮ ይብቃ» ብለው ቃለ ጉባኤ መያዝ ይችላሉ። በስብሰባው ዝም ብሎ የወጣ ሰው ኋላ ባህሉን መክሰስ አይገባውም። በመክፈያው ቀን ላይ ግን አልከራከርዎትም።

ተቋም ነው ባይ፦ እንግዲያው ቀኑን እንያዝ። ሲሶው ጥር፣ ቀሪው ሐምሌ ይከፈል። አበዳሪው «እስከዚያ እህሉ ተበልቶ ያልቃል» ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህ ጤፉ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይቀመጥ፣ ደረሰኙ መያዣ ይሁን። የሚያሰጋኝ ሚዛኑ ነው። አንድ ጊዜ ከተዛባ ገበሬው ዳግም ጆንያ አያወርድም።

ራሱ ነው ባይ፦ ሲመዘን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ያንብብ። መጋዘኑም ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በገበሬዎቹ እጅ።